የሕመምተኛው ወሬ ከሚመለከተው ሰው እንዴት ይደርሳል? ከአስታማሚዋ ደወል እስከ ኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ

1. መግቢያ

በከተሞቻችን የእድር ጥሩምባ በማለዳ ሲነፋ የሰፈሩ ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ ጆሮውን ይሰጣል። ጥሩምባ ነፊው የሟቹን ስም፥ የቀብሩን ሰዓትና ቦታ ይናገራል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምን ላድርግ ብሎ አይጠይቅም። ድንኳን የሚተክለው፥ ወንበርና ብረት ድስት የሚያወጣው፥ ንፍሮ የምትቀቅለው፥ ከለቅሶ ቤት የሚያድረው ሁሉ ተራው አስቀድሞ የታወቀ ነው። እንግዲህ የጥሩምባው ኀይል ያለው በድምፁ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ከመሰማቱ በፊት በአባሎቹ መካከል በተደረገው ስምምነት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከዚህ ጋር የሚመሳሰል አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ አንድ ሰው ሕመሙ ሲጠናበት፥ ሐኪም ቤት ሲገባ ወይም ከሐኪም ቤት ሲወጣ፥ ወሬው እርሱን መርዳት ለሚገባው ሰው እንዴት ይደርሳል? የሚል ነው። የምንከተለው ታሪክ በአብዛኛው የአሜሪካ ታሪክ ነው። ምክንያቱም በዚያ አገር ሐኪም ቤቶች የበሽተኛን መግባትና መውጣት በኤሌክትሮኒክ ማስታወቂያ ወዲያውኑ እንዲያሳውቁ በመንግሥት ደንብ ስለ ታዘዙ፥ የአሠራሩም ጥቅምና ጉድለት በቍጥር ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥናታችንን ስንጀምር ታሪኩ የመሣሪያ ታሪክ ይመስለን ነበር፤ ደወል በራዲዮ፥ ራዲዮም በኮምፒዩተር እየተተካ ፍጥነቱ የሚጨምርበት ታሪክ ነው ብለን ነበር። ነገር ግን መዝገቦቹን እያነበብን በሄድን ጊዜ ነገሩን በሌላ መልክ አገኘነው። የመልእክቱ ፍጥነት በእርግጥ ጨምሯል። ሰው የዳነው ግን መልእክቱ በፈጠነበት ጊዜ ሁሉ ሳይሆን፥ ተቀባዩ በታወቀበት፥ ሥልጣን በተሰጠውና የሚረዳበትን ነገር በያዘበት ጊዜ ነው። ከዚህ በታች የምናቀርበው ይህን አሳባችንን ለማስረዳት ነው።

2. ተከፍቶ የሚቀረው መዝጊያ

በ1853 ፍሎሬንስ ናይቲንጌል በለንደን ከተማ በሀርሊ መንገድ የሚገኘውን አንድ ትንሽ የሕሙማን ቤት እንድታስተዳድር ተሾመች። ቤቱ ከደኅና ቤተ ሰብ ተወልደው ገንዘብ ያነሳቸው ሴቶች ሲታመሙ የሚጠለሉበት ነበር። ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ዝናዋ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቤቱን ለማደራጀት ካቀረበቻቸው ጥያቄዎች አንዱ የደወል ነገር ነበር። የሕሙማኑ ደወሎች ሁሉ በየፎቁ ከአስታማሚዋ ክፍል በር አጠገብ እንዲደወሉ፥ በያንዳንዱም ደወል ላይ ደወሉ ሲመታ የሚከፈትና እንደ ተከፈተ የሚቀር ትንሽ መዝጊያ እንዲኖር አሳሰበች።

ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የደወል ድምፅ አላፊ ነው። አስታማሚዋ በሌላ ክፍል ሌላ ሕመምተኛ ስታነሣ ቢደወል አትሰማውም፤ ብትሰማውም ከየትኛው አልጋ እንደ መጣ አታውቅም። ተከፍቶ የቀረው መዝጊያ ግን ሲመለሱ ይጠብቃል። ከዚህ ትንሽ መሣሪያ ሦስት ነገሮች እናገኛለን። አንደኛ የጠራው ማን እንደ ሆነ ይታወቃል። ሁለተኛ ጥሪው የተላከው ለአንድ ለታወቀ ሰው፥ ለዚያ ፎቅ አስታማሚ ነው። ሦስተኛ ጥሪው መልስ እስኪያገኝ ድረስ ምልክቱ አይጠፋም። ከዚህ በኋላ የመጡትን መሣሪያዎች በነዚህ ሦስት ነገሮች እየመዘንን እንሄዳለን።

3. በኪስ የሚያዝ ጥሪ

ቴሌፎን ከተስፋፋ በኋላ ሐኪምን ከቤቱ ወይም ከቢሮው መጥራት ቀላል ሆነ። ችግሩ ሐኪሙ ከሁለቱም በሌለበት ጊዜ ነበር። ይህን ለማቃለል አል ግሮስ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው በ1949 በራዲዮ የሚሠራ መጥሪያ አስመዘገበ፤ በ1950 ደግሞ በኒው ዮርክ ከተማ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን መጥሪያ ይዘው መሄድ ጀመሩ። በ1964 የሞቶሮላ ኩባንያ ፔጅቦይ የተባለውን አነስተኛ መጥሪያ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ዐይነቱ መሣሪያ የሐኪሞች መታወቂያ እስኪመስል ድረስ ተስፋፋ።

ፔጅቦይ የጽሑፍ መስኮት አልነበረውም፤ የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነው። ጥሪውን የሰማ ሐኪም ቴሌፎን ወዳለበት ሄዶ፥ ደውሎ፥ ማን እንደ ፈለገውና ለምን እንደ ተፈለገ መጠየቅ ነበረበት። በናይቲንጌል መለኪያ ስንመዝነው መሣሪያው ተቀባዩን በደንብ ያገኛል፤ የጠራው ማን እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ሐኪሙ ጥሪውን መስማቱንም ላኪው የሚያውቀው መልሶ ሲደውልለት ብቻ ነው። ይህም ሆኖ ጥቅሙ ቀላል አልነበረም፤ ሐኪሙ በመንገድም በገበያም እያለ ሊገኝ ቻለ። ነገር ግን ሥራው ሁሉ አሁንም የሐኪሙን መምጣት የሚጠብቅ ነበር። ይህ መጠባበቅ ሰው እንደሚገድል የታየው በልብ ሕሙማን ዘንድ ነው።

4. የልብ ሕሙማን ክፍል

ልብ ምቱ ተዛብቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደም ወደ አንጎል መድረሱን ያቆማል፤ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ካልተረዳ ሕመምተኛው ይሞታል ወይም አንጎሉ ይጐዳል። በ1956 ፖል ዞል በደረት ላይ በሚሰጥ የኤሌክትሪክ ምት ልብን ወደ ትክክለኛ ምቱ መመለስ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1960 ደግሞ በጆንስ ሆፕኪንስ ያሉ ተመራማሪዎች ደረትን በእጅ በመጫን ደም እንዲዘዋወር ማድረግ እንደሚቻል ገለጡ። መድኀኒቱ ተገኘ ማለት ነው፤ የቀረው በደቂቃ ውስጥ ማድረስ ነበር።

በ1961 ዴዝሞንድ ጁሊያን የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ለዚህ መፍትሔ አቀረበ። ልባቸውን የታመሙ ሰዎች በአንድ ክፍል ይሰብሰቡ፤ የልባቸው ምት ሳያቋርጥ በመሣሪያ ይታይ፤ ምቱ ሲዛባ ደወል ይደወል፤ የሠለጠኑ አስታማሚዎችም ሐኪም በሌለ ጊዜ ርዳታውን ራሳቸው ይጀምሩ አለ። በሚከተለው ዓመት፥ በግንቦት 1962፥ ሂዩዝ ዴይ በካንሳስ ሲቲ በሚገኘው በቤተኒ ሐኪም ቤት እንዲህ ያለውን ክፍል ከፈተ።

ከጁሊያን አሳቦች መካከል በዚያን ዘመን አስቸጋሪ የነበረው የደወሉ መሣሪያ ሳይሆን የመጨረሻው ነው። አስታማሚ የሐኪም ትእዛዝ ሳትጠብቅ ለሕመምተኛ የኤሌክትሪክ ምት ትስጥ ማለት የሥልጣንን ድንበር ማፍረስ ነበር። ሆኖም ውጤቱ ከዚህ ተገኘ። በ1967 ቶማስ ኪሊፕና ጆን ኪምቦል በኒው ዮርክ በልብ ክፍል የታከሙ የ250 ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ። የደም ዝውውራቸው ጨርሶ ካልወደቀባቸው ሕመምተኞች መካከል በተለመደው ክፍል ከታከሙት ከመቶ 26 ሲሞቱ፥ በልዩው ክፍል ከታከሙት የሞቱት ከመቶ 7 ነበሩ። ጥናቱ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው የተደረገ ሙከራ ስላልነበረ ልዩነቱ በሙሉ የክፍሉ ውጤት ነው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ታሪኩ አንድ ነገር ያስተምረናል። ደወሉን የሰማችው ሴት ሌላ ሰው ከመጥራት አልፋ እጅዋን እንድታነሣ ሥልጣን ሲሰጣት፥ ደወሉ የሕይወት መሣሪያ ሆነ።

5. የሚያስታውስ መሣሪያ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ድንገተኛ አደጋ ነው። ብዙ ሕመም ግን አይጮኽም። የደም ምርመራ ውጤት ከወረቀት ላይ ተጽፎ ሳይነበብ ይቀራል፤ መድኀኒት ሲሰጥ መደረግ የነበረበት ምርመራ ይረሳል። በኢንዲያናፖሊስ በሬገንስትሪፍ ተቋም ይሠራ የነበረው ክሌመንት ማክዶናልድ በ1976 ይህን የሚመለከት ጥናት አሳተመ። ኮምፒዩተር የሕመምተኛውን መዝገብ መርምሮ፥ ሐኪሙ ልብ ሊለው የሚገባውን ነገር በወረቀት እያተመ እንዲያስታውሰው አደረገ። ማስታወሻ ሲደርሳቸው ሐኪሞቹ እርምጃ የወሰዱት ከመቶ 51 በሚሆነው ጊዜ ነው፤ ማስታወሻ ባልደረሳቸው ጊዜ ግን ከመቶ 22 ብቻ ነበር።

ማክዶናልድ ከዚህ ያወጣው ትምህርት ለሐኪሞች አክብሮት ያለው ነበር። ጉድለቱ የመጣው ሐኪሞቹ ዕውቀት ስላነሳቸው አይደለም፤ የሰው ልቡና በአንድ ጊዜ ሊይዘው የሚችለው ነገር ውሱን ስለ ሆነ ነው። እኛ ግን ሌላውንም ወገን ማየት ይገባናል። ማስታወሻው ደርሷቸው ሳለ ግማሽ በሚያህለው ጊዜ ምንም አልተደረገም። መልእክት መድረሱ ብቻውን ሥራ መሠራቱን አያረጋግጥም።

ከዚህ በኋላ በ1999 በቦስተን በብሪገም ሐኪም ቤት የተደረገ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ ታተመ። አደገኛ የምርመራ ውጤት ሲገኝ ኮምፒዩተሩ ራሱ ኀላፊነት ያለበትን ሐኪም በመጥሪያው ይጠራዋል። ሕክምና እስኪታዘዝ ድረስ የሚያልፈው መካከለኛ ጊዜ ከ1.6 ሰዓት ወደ 1.0 ሰዓት ወረደ። እዚህ ላይ የጠራው፥ የተጠራውና የጥሪው ምክንያት ሦስቱም ታውቀዋል፤ የናይቲንጌል መዝጊያ በኮምፒዩተር ተመልሶ መጣ ብንል ማጋነን አይሆንም።

6. ከሐኪም ቤት በር ወዲያ

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሐኪም ቤት ግንብ ውስጥ ነው። ሕመምተኛው በሩን አልፎ ሲወጣ ግን ወሬው ይቋረጣል። ሰውየውን ለብዙ ዓመታት የሚያውቀው የሰፈሩ ሐኪም ታማሚው ተኝቶ እንደ ነበረ የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከራሱ ከታማሚው አፍ ነው። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፥ ታማሚው ከሐኪም ቤት ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ሐኪሙ በሚሄድበት ጊዜ የመውጫው ሪፖርት አስቀድሞ ደርሶ የሚገኘው ከመቶ ከ12 እስከ 34 በሚሆነው ጊዜ ብቻ ነበር። በ2009 ደግሞ እስቲቨን ጄንክስና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የአረጋውያን የጤና ዋስትና፥ በሜዲኬር፥ መዝገብ ላይ ያደረጉትን ምርመራ አሳተሙ። ከሐኪም ቤት ከወጡት ሰዎች ከ5ቱ አንዱ ያህል በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛል። በውስጥ ደዌ ታክመው ከወጡት በኋላ ከተመለሱት መካከል ግማሽ ለሚያህሉት ደግሞ በመካከሉ ሐኪም እንዳያቸው የሚያሳይ የክፍያ ሰነድ አልተገኘም።

መፍትሔው የተሠራበት ዕቃ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። በ1987 ኤች ኤል ሰባት የተባለው ማኅበር ተቋቍሞ፥ የሐኪም ቤት ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበትን አንድ ዐይነት ቋንቋ አወጣ። ከመልእክቶቹም ሦስቱ «ገባ»፥ «ተዛወረ»፥ «ወጣ» የሚሉ ናቸው። መዝጋቢዋ የሕመምተኛውን ስም ስትጽፍ መልእክቱ በራሱ ይሄዳል። የሕክምና ጣቢያዎች የሚከታተሏቸውን ሰዎች ዝርዝር ለአንድ መካከለኛ ድርጅት ይሰጣሉ፤ ድርጅቱ የመጣውን ስም ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ ሲገጥምለት ለጣቢያው ያሳውቃል። በሜሪላንድ ክሪስፕ የተባለው ድርጅት ይህን አገልግሎት በ2012 ጀመረ። በመጨረሻም የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 1 ቀን 2020 ባወጣው ደንብ፥ በሜዲኬርና በሜዲኬይድ የሚሠሩና ለዚህ የሚበቃ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ያላቸው ሐኪም ቤቶች ማስታወቂያውን እንዲልኩ አዘዘ፤ ትእዛዙም ከግንቦት 1 ቀን 2021 ጀምሮ ጸና።

ደንቡ በማስታወቂያው ላይ ቢያንስ የታማሚው ስም፥ የሚያክመው ባለሙያ ስምና የላኪው ሐኪም ቤት ስም እንዲገኝ ይጠይቃል። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ደንቡ ላኪውን ያስገድዳል፤ ተቀባዩ መልእክቱን አይቶ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አይናገርም። ጥሩምባው ተነፍቷል፤ የእድሩ ሕግ ግን ገና ነው።

7. ደወሉ ሲበዛ

ተቀባዩ ሳይታሰብለት መልእክት ብቻ ሲበዛ ምን እንደሚሆን የሐኪም ቤቱ የውስጥ ታሪክ አስቀድሞ አሳይቷል። በ2014 በታተመ ጥናት፥ በሳን ፍራንሲስኮ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት አምስት የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚገኙ መሣሪያዎች በ31 ቀን ውስጥ በ461 ሕመምተኞች ላይ ያወጡት ምልክት ሲቈጠር 2,558,760 ሆነ። ሊሰማ የሚችለው ድምፅ ብቻ ለአንድ አልጋ በቀን 187 ጊዜ ነበር። የልብ ምት መዛባትን ከሚያመለክቱት 12,671 ምልክቶች ተመርምረው ከመቶ 88.8ቱ ሐሰተኛ ሆነው ተገኙ።

በዚህ መካከል የምትሠራ አስታማሚ ጆሮዋን ብትደፍን ስንፍና ነው ልንል አንችልም፤ የሚዋሽ እረኛ ተኵላ መጣ ሲል የሚሰማው እንደሚያጣ ሁሉ፥ የሚዋሽ ደወልም ሰሚ ያጣል። ጉዳቱ ግን እውነተኛ ነው። የሐኪም ቤቶችን ብቃት የሚመሰክረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ2013 እንዳስታወቀው፥ ከጥር 2009 እስከ ሰኔ 2012 ከደወል ጋር የተያያዙ 98 አደጋዎች ተነግረውት ነበር፤ ከነዚህም 80ዎቹ በሞት የተፈጸሙ ናቸው። ስለዚህ ማስታወቂያ ማብዛት ምንም ጉዳት የሌለው በጎ ሥራ ነው ማለት ስሕተት ነው። ያላስፈላጊ የተላከ መልእክት ሁሉ ከሚያስፈልገው መልእክት ላይ እምነትን ይቀንሳል።

8. የካምደን ፈተና

ነገር ግን መልእክቱ ትክክለኛ ሆኖ፥ ተቀባዩም ታውቆ፥ ፈጥኖ ቢነሣስ? ይህን የፈተነችው በኒው ጀርሲ የምትገኘው የካምደን ከተማ ናት። ጄፍሪ ብሬነር የተባለ ሐኪም በ2002 በጀመረው ሥራ፥ ሐኪም ቤት እየተመላለሱ የሚተኙ፥ ብዙ ሕመምና ብዙ ችግር የተደራረበባቸውን ሰዎች ፈልጎ ማገዝ ተያያዘ። ኅብረቱ የከተማዋን ሐኪም ቤቶች መዝገብ በኤሌክትሮኒክ አገናኝቶ ማን እንደ ተኛ በየዕለቱ ያውቅ ነበር። አስታማሚዎችና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች ታማሚውን ገና በአልጋው ሳለ አግኝተው፥ ከወጣም በኋላ ቤቱ ድረስ ይከታተሉታል።

ሥራው በብዙ ተመሰገነ። በመጨረሻ ግን ኅብረቱ ራሱ ፈቅዶ 800 ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ሥራው ተመረመረ፤ ውጤቱም በጥር 2020 ታተመ። በ180 ቀን ውስጥ ተመልሰው የተኙት፥ ከተረዱት ወገን ከመቶ 62.3፥ ካልተረዱት ወገን ደግሞ ከመቶ 61.7 ሆኑ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። የተረዱት ብቻ ከበፊቱ ጋር ቢነጻጸሩ ኖሮ የመተኛታቸው መጠን ከመቶ 38 ነጥብ የቀነሰ ይመስል ነበር። ያልተረዱትም ግን እንዲሁ ቀንሰው ነበር። ሰው የሚመረጠው ሕመሙ በበረታበት ሰዓት ስለ ሆነ ምንም ባይደረግለትም ከዚያ በኋላ መጠነኛ መሻል የተለመደ ነው። እኛ ለምርምር ገና ጀማሪዎች የሆንን ተማሪዎች ከዚህ የተማርነው ቀላል አይደለም፤ «በፊትና በኋላ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አንዳንዶች ይህን ውጤት አይተው የማስታወቂያው ሥራ ከንቱ ነው ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በካምደን ወሬው ደርሷል፤ ተቀባዩም ተነሥቷል። ነገር ግን ለታማሚዎቹ ያስፈለጋቸው ብዙው ነገር፥ መኖሪያ ቤት፥ የሱስ ሕክምና፥ የቀረበ ሐኪም፥ በአስታማሚዋ እጅ አልነበረም። በልብ ክፍል የነበረችው አስታማሚ ደወሉን ስትሰማ የሚያድነው መሣሪያ ካጠገብዋ ነበር፤ የካምደንዋ አስታማሚ ግን ባዶ እጅዋን ተላከች። ልዩነቱ ከዚህ ይመስለናል።

9. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተናገርነውን ባጭሩ ለማጠቃለል፥ ከ1853 ጀምሮ የሕመምተኛው ወሬ ከደወል ገመድ ወደ ራዲዮ፥ ከራዲዮም ወደ ኮምፒዩተር ተሸጋግሯል። በያንዳንዱ ዘመን ግን የረዳው ወሬ አራት ነገሮችን ያሟላ ሆኖ አግኝተነዋል። ማን እንደ ታመመ ይናገራል፤ ለአንድ ለታወቀ ሰው ይላካል፤ ያ ሰው ለመሥራት ሥልጣን አለው፤ የሚሠራበትም ነገር በእጁ ነው። ከነዚህ አንዱ ሲጐድል ፍጥነት ብቻውን አይበቃም።

ይህን የጻፍነው የሩቅ አገር ታሪክ ለማውራት ብቻ አይደለም። በአገራችን ታማሚ ከጤና ጣቢያ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት ሲላክ ወረቀቱን ተሸክሞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ራሱ ታማሚው ወይም ቤተ ሰቡ ነው፤ ሲመለስም ወሬውን ይዞ የሚመለስ እርሱው ነው። ወረቀቱ ቢጠፋ ወሬው አብሮ ይጠፋል። እንግዲህ መሣሪያው ያስፈልገናል። ነገር ግን አሜሪካኖች ዘግይተው የፈለጉትን ተቀባይ እኛ በከፊል አስቀድመን አግኝተናል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤቱን በስሙ፥ እናቲቱንም በልጅዋ ያውቋታል። ወደ ፊት ኮምፒዩተሩ «እገሊት ወልዳ ወጣች» ብሎ ለዚህች ሠራተኛ ቢያሳውቅ፥ ከመልእክቱ ጋር ሥልጣኑና መድኀኒቱም አብሮ እንዲደርሳት ከአሁኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ጥሩምባ ከመግዛት በፊት እድሩን ማቋቋም ይቀድማል። አባቶቻችን ይህን ያወቁት ለቀብር ነው፤ እኛ ደግሞ ለሕያዋን ብናውለው መልካም ነው እንላለን።